ከስሮ የተረሳው ፊልም እንዴት የገና ፊልም ሆነ?

የፈረንጆች ገና ሲቃረብ አሜሪካ ውስጥ ከቴሌቪዥን የማይጠፋ አንድ ጥቁርና ነጭ ፊልም አለ። ስሙ «ኢትስ ኤ ዎንደርፉል ላይፍ» ነው። በእኛ ቋንቋ «ሕይወት ድንቅ ናት» እንደማለት ነው። የወጣው በ1946 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካ የምትኖሩ ስሙን ባታውቁት እንኳ አንድ ሁለት ትዕይንት ሳታዩ አልቀራችሁም። በረዶ እየወረደበት ድልድይ ላይ የቆመ ረጅም ሰውዬ፣ ወይም ገና ዛፍ አጠገብ ትንሽ ልጁን ታቅፎ በጎረቤት የተከበበ አባት።

ስለዚህ ፊልም ሁለት ወሬ ይወራል። አንደኛው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ የወደደው ፊልም ነው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ኧረ ምንም የለውም፤ በነጻ ስለተገኘ ጣቢያዎች ደጋግመው ሲያሳዩት ሰው ለመደው» ይላል። የመጀመሪያው ጭራሽ ስህተት ነው። ሁለተኛው ግማሹ እውነት ነው። የቀረው ግማሽ ግን ስለ ዝና ብዙ ነገር የሚነግረን እሱ ስለሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ታሪኩ ምንድን ነው?

ጆርጅ ቤይሊ ቤድፎርድ ፎልስ በምትባል ትንሽ ከተማ ያደገ ሰው ነው። ልቡ ያለው ሩቅ አገር ነው። ዓለምን መዞር፣ ድልድይና ሕንጻ መሥራት ይመኛል። ሻንጣውን ባዘጋጀ ቁጥር ግን አንድ ነገር ይይዘዋል። አባቱ ይሞታል። አባቱ ይመራው የነበረው ትንሽ የቁጠባና ብድር ማኅበር እንዳይዘጋ እሱ ይረከባል። ለትምህርት ያጠራቀመውን ገንዘብ ለታናሽ ወንድሙ ለሃሪ ይሰጣል። ሃሪ ተምሮ ሲመለስ ይተካዋል ሲባል፣ ሚስት አግብቶ ሌላ ሥራ ይዞ ይመጣል። ጆርጅ አሁንም እዚያው ይቀራል።

ማኅበሩ ቀላል ነገር ነው። ሠራተኛውና ድሃው በጥቂት በጥቂቱ ይቆጥቡበታል፣ ከዚያው ተበድረው ቤት ይሠሩበታል። ይህን የማይወድ አንድ ሰው አለ፤ ሚስተር ፖተር። ባንኩም፣ የኪራይ ቤቱም፣ የከተማዋ ግማሽም የእሱ ነው። ድሃው ዕድሜ ልኩን የእሱ ተከራይ ሆኖ ቢኖርለት ደስ ይለዋል።

በ1945 የገና ዋዜማ የጆርጅ አጎት ቢሊ ባንክ ሊያስገባው የያዘውን 8,000 ዶላር ሳያውቀው በጋዜጣ ጠቅልሎ ለፖተር ያቀብለዋል። ፖተር ያገኘዋል። ያይና ዝም ይላል። በዚያው ቀን የሂሳብ መርማሪ መጥቷል። ጆርጅ ውርደትና እስር ፊቱ ላይ ይደቀኑበታል። የሕይወት ኢንሹራንስ ስላለው «ከቁሜ ይልቅ ሬሳዬ ይሻላል» ብሎ ወደ ድልድዩ ይሄዳል። እዚያ ክላረንስ የሚባል ክንፍ ያላወጣ መልአክ ቀድሞት ውኃ ውስጥ ይዘላል፤ ጆርጅ ደግሞ የራሱን ትቶ እሱን ሊያወጣ ይገባል። ቀጥሎ «ምነው ባልተወለድኩ» ሲል መልአኩ ይሰማዋል። እሱ ያልተወለደባት ከተማ ምን እንደምትመስል ያሳየዋል። ስሟም ተቀይሮ ፖተርስቪል ሆናለች።

ሲወጣ ለምን ከሰረ?

መጀመሪያ ታሪኩ ከየት እንደመጣ እንወቅ፤ በኋላ ፍርድ ቤት ላይ ስንደርስ ይጠቅመናል። ፊሊፕ ቫን ዶረን ስተርን የሚባል ጸሐፊ አጭር ልብወለድ ጻፈ። አሳታሚ ሁሉ እምቢ አለው። ስለዚህ በ1943 ራሱ 200 ቅጂ አሳትሞ ለወዳጆቹ እንደ ገና ካርድ ላከው። አርኬኦ የሚባለው የፊልም ኩባንያ ታሪኩን አይቶ በ10,000 ዶላር ገዛው። በመጨረሻ ፍራንክ ካፕራ እጅ ገባ።

ካፕራ ያኔ ትልቅ ስም ነው። ሲሲሊ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የተሰደደ፣ በ1930ዎቹ ብቻ ሦስት ጊዜ የምርጥ ዳይሬክተር ኦስካር የወሰደ ሰው ነው። በጦርነቱ ዘመን ለአሜሪካ ጦር ፊልም ሲሠራ ቆይቶ ሲመለስ፣ ከዊልያም ዋይለርና ከጆርጅ ስቲቨንስ ጋር ሊበርቲ ፊልምስ የሚባል የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ። የስቱዲዮ ጌቶች እንዳያዙን ብለው። የኩባንያው የመጀመሪያ ፊልም ይሄ ነው።

ወጪው ብዙ ነበር። ከተማዋን ከሎስ አንጀለስ ወጣ ባለ ቦታ ላይ ከባዶ ሠሯት፤ 75 ያህል ሱቅና ቤት፣ ረጅም ዋና መንገድ፣ ዛፍ ሳይቀር። በረዶው ራሱ ታሪክ አለው። ፊልሙ የተቀረጸው በ1946 በጋ፣ በለበለበ ሙቀት ነው። ያን ጊዜ ፊልም ላይ በረዶ የሚባለው ነጭ ቀለም የተቀባ ኮርንፍሌክስ ነበር። ሲረገጥ ይንኳኳል፤ ተዋናዩ የሚለው አይሰማም፣ ንግግሩ በኋላ እንደገና ይቀዳል። ካፕራ ይህን አልፈልግም አለ። ባለሙያዎቹ የእሳት ማጥፊያ አረፋን ከሳሙናና ከውኃ ጋር ቀላቅለው ድምፅ የሌለው በረዶ ፈጠሩ። ለዚህ ሥራ ከኦስካር ሰጪው አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት አገኙ። ጆርጅን የሚጫወተው ጄምስ ስቱዋርት ድልድዩ ላይ በብርድ የሚንቀጠቀጥ ሲመስላችሁ፣ ሰውዬው ካፖርት ለብሶ በሐሩር እያላበው ነው።

ፊልሙ ሊወጣ የታሰበው በ1947 መጀመሪያ ላይ ነበር። ነገር ግን ለ1946 ኦስካር እንዲደርስ ተቻኩሎ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ኒው ዮርክ ውስጥ መታየት ጀመረ። እዚያ የጠበቀው ማን መሰላችሁ? የራሱ የካፕራ የኩባንያ ባልደረባ ዊልያም ዋይለር ለሌላ ስቱዲዮ የሠራው ፊልም። ከጦርነት ስለተመለሱ ወታደሮች ነው። አገሩ በሙሉ ከጦርነት የተመለሰ ወንድም፣ ባል ወይም ልጅ ይዞ ባለበት ወቅት ያ ፊልም የሁሉንም ቤት ነካ። 7 ኦስካር ወሰደ። የካፕራ ፊልም በአምስት ዘርፍ ታጭቶ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ጋዜጦችም ተከፋፈሉ። አንዳንዱ አመሰገነ፣ አንዳንዱ ስሜት በዛበት አለ። አዳራሾቹ ጨርሶ ባዶ አልነበሩም፤ ሰው አይቶታል። ችግሩ የወጣበት ገንዘብ አልተመለሰም። አርኬኦ መዝገቡ ላይ 525,000 ዶላር ኪሳራ ጻፈ። በ1947 ሊበርቲ ፊልምስ ለፓራማውንት ተሸጠ። የነጻነት ሕልማቸው በዚያው አበቃ።

አንድ ነገር ልጨምር። ያኔ ማንም «የገና ፊልም» አላለውም። አብዛኛው አሜሪካዊ ያየው ገና ካለፈ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት ነው። ፖስተሩም ላይ ገና የለም፤ ጆርጅ ሚስቱን ሜሪን ወደ ላይ አንስቶ ነው ያለው፣ የፍቅር ፊልም ነው የሚመስለው። ታሪኩም ቢሆን የገና ዋዜማው መቋጫው እንጂ ዋናው ክፍል ከ1919 ጀምሮ የሚሄድ የአንድ ሰው ዕድሜ ነው።

የቅጂ መብቱ እንዴት አለፈ?

አሁን ሁሉም የሚያወራለት ቦታ ላይ ደረስን። የቅጂ መብት ማለት አንድ ሥራ፣ መጽሐፍም ይሁን ፊልም ወይም ዘፈን፣ ያለባለቤቱ ፈቃድ እንዳይባዛና እንዳይታይ የሚከለክል መብት ነው። ለዘላለም አይደለም፤ ጊዜ አለው። ጊዜው ሲያልፍ ሥራው የሕዝብ ሀብት ይሆናል። ማንም ሳይከፍል፣ ማንንም ሳይጠይቅ ማሳየት ይችላል።

በዚያን ዘመን የአሜሪካ ሕግ (የ1909 ሕግ ነው) ጊዜውን ለሁለት ይከፍለው ነበር። መጀመሪያ 28 ዓመት ይሰጥሃል። ሊያልቅ ሲል ሄደህ ካሳደስክ ሌላ 28 ትጨምራለህ። ካላሳደስክ አለቀ። ይህን ለመረዳት የንግድ ፈቃድን ማሰብ ይበቃል። ሱቅህ የቱንም ያህል ቢሠራ፣ ደንበኛህ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ ፈቃድህን በጊዜው ካላደስክ ከሕግ ፊት ፈቃድ የለህም። ልዩነቱ ፈቃድን በቅጣት ታድሳለህ፤ እዚህ ግን ያለፈው አለፈ፣ ቅጣት ከፍለህም አትመልሰውም።

ፊልሙ በመሃል ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆየ። ፓራማውንት ከሊበርቲ ጋር ወሰደው፤ ከዚያ በ1950ዎቹ ለቴሌቪዥን ፊልም የሚያከፋፍሉ ድርጅቶች ገዙት፤ በመጨረሻ ናሽናል ቴሌፊልም አሶሽየትስ ዘንድ አረፈ። 28 ዓመቱ የሞላው በ1974 ነው። ማደሻው ቅጽ አልገባም። በቃ። ከሺህ ፊልም አንዱ የሆነ፣ አሮጌ፣ ያከሰረ ፊልም ነው።

ይህ ወሬ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ጆሮ ደረሰ። አሜሪካ ያን ጊዜ በየከተማው ትንንሽ ጣቢያዎች ሞልተዋታል። ከትልልቆቹ ጋር ለመወዳደር ገንዘብ የላቸውም፤ የአየር ሰዓቱ ግን መሞላት አለበት። እና አስቡት፤ ታዋቂ ተዋናይ ያለበት፣ በገና ዋዜማ የሚያልቅ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚወስድ፣ የማይከፈልበት ፊልም ከሰማይ ዱብ አለላቸው። በየታኅሣሡ ያሳዩት ጀመር። አንዱ ጣቢያ ላይ ጆርጅ ልጅ ሆኖ ወንድሙን ከበረዶ ውኃ ሲያወጣ፣ ቻናል ስትቀይሩ ሌላው ላይ ሲያገባ፣ ሦስተኛው ላይ ድልድዩ ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ያደገ አሜሪካዊ ልጅ ይህን ፊልም ሲኒማ ቤት ሄዶ አይደለም ያወቀው። ሳሎን ውስጥ፣ እናቱ ወጥ ቤት ስትንጎዳጎድ፣ ዘመድ ሲገባና ሲወጣ፣ ከመሃል ጀምሮ ነው ያየው። በየዓመቱ። ልምድ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ባለቤት ማጣት ጣጣም ነበረው። ማንም አሳትሞ የሚሸጠው በመሆኑ ገበያው በደበዘዘና በተቆራረጠ ካሴት ተጥለቀለቀ። በ1980ዎቹ ደግሞ ቀለም ቀብተው አወጡት። ጄምስ ስቱዋርት ይህን ለመቃወም እስከ አሜሪካ ምክር ቤት ድረስ ሄዶ ተናግሯል። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ያ ድልድይና ያ በረዶ በጥላና በብርሃን ተሠርተው ያለቁ ናቸው፤ ቀለም ሲቀቡ ሌሊቱ ይጠፋል።

ታዲያ ባለቤት ከሌለው ማን መልሶ ያዘው?

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ነው። «የሕዝብ ሆነ አላችሁ፤ ዛሬ ግን ባለቤት አለው ትላላችሁ። እንዴት ነው?»

እንዲህ ነው። ቤት የተሠራው በሰው መሬት ላይ ነው እንበል። የቤቱ ካርታ ጠፋና ቤቱ ባለቤት የለሽ ሆነ። መሬቱ ግን አሁንም ባለቤት አለው። ወደ ቤቱ ለመግባት ደግሞ መሬቱን መርገጥ ግድ ነው። ፊልሙ ቤቱ ነው። መሬቱ ስተርን የጻፈው አጭር ልብወለድ ነው፤ ያ ለወዳጆቹ በገና ካርድ የላከው። የፊልሙ ምስል መብቱ አለፈ እንጂ የልብወለዱ መብት በሕይወት ነበር።

በ1990 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌላ ፊልም ላይ አንድ ውሳኔ ሰጠ። ያም ፊልም ከአጭር ልብወለድ የተወሰደ፣ ያም ጄምስ ስቱዋርት የተወነበት ነው፤ ከተከሳሾቹም አንዱ ራሱ ስቱዋርት ነበር። ፍርድ ቤቱ ያለው ባጭሩ፣ ፊልሙ የተመሠረተበት ጽሑፍ ባለመብት ካለው ፊልሙን ያለ እሱ ፈቃድ ማሳየት አይቻልም ነው።

ሪፐብሊክ ፒክቸርስ የሚባል ኩባንያ ይህን ሰምቶ ተነሳ። ይህ ኩባንያ ያው መብቱን ሳያድስ የቀረው ናሽናል ቴሌፊልም ነው፤ በ1980ዎቹ ስሙን ቀይሮ ነው። የልብወለዱን መብት ይዟል። ዲሚትሪ ቲዮምኪን ለፊልሙ የደረሰውን ሙዚቃ መብትም ገዛ። በ1993 ለጣቢያዎቹ «ምስሉ የሁላችሁም ነው፤ ግን ታሪኩና ሙዚቃው የእኔ ነው፤ እነሱን አውጥታችሁ አሳዩት» እንደማለት ያለ ማስታወቂያ ላከ። ታሪክና ሙዚቃ የሌለው ፊልም ማን ያሳያል? በ1994 ኤንቢሲ የሚባለው ትልቅ የቴሌቪዥን ድርጅት ብቻውን የማሳየት ውል ፈረመ። ከዚያ ወዲህ ፊልሙ ልክ እንደ በዓል በዓመት አንድ ሁለት ቀን የሚጠበቅ ሆነ። ሪፐብሊክም በኋላ ተሸጦ ተሸጦ፣ ፊልሙ ዞሮ ዞሮ በ1947 የመጀመሪያ ገዢው ወደነበረው ፓራማውንት ተመለሰ።

እንዲህ ያለ ነገር ዛሬ አይደገምም። አሜሪካ በ1992 ሕጉን ስላሻሻለች ከ1964 ወዲህ ለወጡት ሥራዎች እድሳቱ በራሱ የሚሆን ነው። ቅጽ ባለማስገባት መብት የሚያጣ የለም።

ነጻ ስለነበረ ብቻ ነው እንዴ የተወደደው?

አይደለም። ማስረጃው ደግሞ ከካፕራ ከራሱ ቤት ነው።

ካፕራ በ1941 «ሚት ጆን ዶ» የሚል ፊልም ሠርቷል። ጋሪ ኩፐርና ባርባራ ስታንዊክ አሉበት፤ ሁለቱም የዘመኑ ትልልቅ ኮከቦች ናቸው። ይህም ስለ ተራ ሰው ነው። ይህም ላይ አንድ ሀብታም ክፉ ሰው አለ። ይህም ራሱን ሊያጠፋ በገና ዋዜማ ከፍታ ላይ በሚቆም ሰው ነው የሚያልቅ። የቅጂ መብቱም እንዲሁ ሳይታደስ ቀርቶ የሕዝብ ሀብት ሆኗል። ያው ዳይሬክተር፣ ያው በዓል፣ ያው ዕድል። ግን አሜሪካ በየገናው ቁጭ ብላ አታየውም። ሌሎችም መብታቸው ያለፈ ብዙ የዚያ ዘመን ፊልሞች አሉ፤ በነጻ እያሉ የሚያስታውሳቸው የለም።

ስለዚህ ያለፈው ወረቀት የከፈተው በሩን ነው። ሰው ገብቶ የተቀመጠው ሌላ ነገር አግኝቶ ነው። ምን እንደሆነ ሁለት ትዕይንት ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው ጆርጅና ሜሪ የተጋቡ ዕለት ነው። ወደ ጫጉላ ጉዞ ሊሄዱ 2,000 ዶላር ይዘው ታክሲ ውስጥ ናቸው። ሰው ሲሮጥ ያያሉ። ወሬ ተነዝቶ ቆጣቢው ሁሉ «ገንዘቤን አምጡ» እያለ ማኅበሩ በር ላይ ተኮልኩሏል። ጆርጅ ገብቶ ያስረዳቸዋል፤ ገንዘባችሁ ካዝና ውስጥ የለም፣ የእናንተ ገንዘብ የጎረቤታችሁ ቤት ሆኗል፣ የእሱም የእናንተ ቤት ሆኗል ይላቸዋል። እቁብ ጥሎ የሚያውቅ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። የእቁቡ ገንዘብ አንድ ቦታ የተቆለለ አይደለም፤ ወይ የአንዱ ፍሪጅ ሆኗል፣ ወይ የሌላው የሱቅ ዕቃ። ሁሉም በአንድ ቀን ልውሰድ ካለ ግን ይፈርሳል። ባንክ ላይም ያው ነው።

አንዱ አይሰማም፤ 242 ዶላሬን ሙሉውን አምጣ ብሎ ይዞ ይሄዳል። ያኔ ሜሪ የጫጉላውን ገንዘብ ከፍ አድርጋ ታሳያለች። ጆርጅ ከዚያ ያድላቸዋል፤ የሚያስፈልጋችሁን ብቻ ንገሩኝ እያለ። 20 የሚል አለ። ከዚያ ወይዘሮ ዴቪስ ተራዋ ይደርስና ዝግ ባለ ድምፅ «17 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይሰጠኛል?» ትላለች። ይህን ቁጥር ካፕራ ለተዋናይዋ ብቻ በጆሮዋ ነግሯት ነው፤ ስቱዋርት አያውቅም። ሳይታሰብ ዘንበል ብሎ ጉንጯን ይስማታል። ያ መሳም የተጻፈ አይደለም። ሁሉም የሚችለውን ያህል ሊያወጣ በሚሻማበት ሰዓት፣ አንዲት ሴት እስከ ሳንቲሙ ድረስ የሚበቃትን ብቻ አስባ መጣች፤ እሱም የሚመልስላት ሌላ ነገር አልነበረውም። እኔ ይሄን ትዕይንት ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አሁንም እዚያ ስደርስ ጉሮሮዬ ይያዛል።

ሁለተኛው ቡና ቤቱ ነው። ጆርጅ ሁሉ ነገር ጠፍቶበት መጠጥ ፊት ተቀምጦ ይጸልያል። የጸሎት ሰው እንዳልሆነ እዚያው ይናገራል። ጄምስ ስቱዋርት ከጦርነት ከተመለሰ የሠራው የመጀመሪያ ፊልም ይሄ ነው። ቦምብ ጣይ አውሮፕላን እያበረረ 20 ጊዜ የውጊያ በረራ አድርጓል። ያን ጸሎት ሲል እንባው በእርግጥ መጣ፤ በኋላ ራሱ ተናግሮታል። ካሜራው ግን ራቅ ብሎ ነበር። ካፕራ ድገመው አላለውም። እንዲህ ያለ ነገር አይደገምማ። ፊልሙን እያንዳንዱን ፍሬም አጉልቶ ፊቱን አቀረበው። ለዚህ ነው እዚያ ላይ ምስሉ ሻከር የሚለው።

ጣፋጭ ተረት ነው የሚሉትስ?

ይህንን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻውን አሥር ደቂቃ ብቻ ያዩ ናቸው። ፊልሙ ውስጥ ጆርጅ ልጆቹ ላይ ይጮኻል፣ የልጁን አስተማሪ በስልክ ይሳደባል፣ ቤቱ ውስጥ ያለውን ዕቃ በእግሩ ይመታል። ደግ ሰው መሆን ያደከመው ሰው ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እህት ሆኖ ቤተሰብ ለማስተዳደር ትምህርቱን የተወ ሰው ይህን ፊት የትም ያውቀዋል።

የደረጃውን እንጨት ልብ በሉ። የቤቱ ደረጃ መደገፊያ ጫፍ ላይ ያለችው ድቡልቡል እንጨት ልቅ ናት፤ ጆርጅ ሲወጣ ተነቅላ እጁ ላይ ትቀራለች። በዚያ ክፉ ምሽት ሊወረውራት ይደርሳል። ከመልአኩ ጋር ያየውን አይቶ ሲመለስ ያችው እንጨት እንደገና እጁ ላይ ትመጣለች። ይስማታል። ቤቱ አልታደሰም። ዕዳውም ገና አልተከፈለም፤ ይህን ጊዜ ጎረቤቶቹ ገንዘብ ይዘው እየመጡ እንደሆነ አያውቅም። ደስ ያለው ከመፍትሔው በፊት ነው። ይህን ያላየ ሰው መጨረሻውን ጎረቤት አዋጥቶ አዳነው ብሎ ያልፈዋል።

ሌላም አለ። ፖተር አይያዝም። 8,000 ዶላሩን በልቶ ይቀራል። ያኔ የሆሊውድ የሥነ ምግባር ደንብ ወንጀለኛ ሳይቀጣ እንዳይቀር ያዝ ነበር፤ ይህ ግን አለፈ። ተመልካቹ ለካፕራ ለዓመታት ደብዳቤ ጽፎለታል፤ ሌባው ለምን ቀረ እያለ። መንግሥትም በበኩሉ ተጠራጥሮ ነበር። በ1947 የኤፍቢአይ ሰዎች ስለ ሆሊውድ ባዘጋጁት ሰነድ ላይ ይህን ፊልም አንስተው፣ ባንከኛን እንዲህ ክፉ አድርጎ ማሳየት ኮሚኒስቶች የሚያዘወትሩት ዘዴ ነው ብለዋል። ዛሬ ለልጆች የሚከፈተው ፊልም ያኔ እንዲህ ተብሎ ተመዝግቧል።

ዛሬ የት ቦታ ላይ ነው?

በ1990 የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው ለትውልድ ይለፉ ብሎ ከሚመዘግባቸው ፊልሞች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ዝርዝሩ በየዓመቱ 25 ፊልም ነው የሚቀበለው። የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት በ1998 ባወጣው የምንጊዜም ምርጥ 100 የአሜሪካ ፊልሞች 11ኛ፣ በ2007 ሲከልሰው 20ኛ አደረገው። በ2006 ደግሞ ልብ ከሚያነሳሱ ፊልሞች 1ኛ አለው። ዓመታት ተረስቶ የቆየ ፊልም ነው።

ካፕራ ይህን አይቶ ነው በ1991 የሞተው። ስቱዋርትም ከሠራቸው ሁሉ ይህን እንደሚወድ ሲናገር ኖሯል።

መጨረሻ ላይ ጆርጅ የሚታቀፋት ትንሿ ልጅ ዙዙ አለች። አበባዋ ረግፎ አባቷ ቅጠሏን ኪሱ ውስጥ የደበቀላት። የተጫወተችው ካሮሊን ግራይምስ ያኔ 6 ዓመቷ ነው። አሥራዎቹ ውስጥ እያለች እናቷም አባቷም ሞቱባት፣ ከሆሊውድ ወጥታ ሚዙሪ ዘመድ ቤት ገባች፣ አድጋ በሕክምና ላቦራቶሪ ሠራች። ፊልሙን አይታው አታውቅም ነበር። ዕድሜዋ 40 ግድም ሲሆን፣ ጣቢያዎቹ በየገናው በነጻ ሲያሳዩት ዓመታት አልፈው፣ ጋዜጠኛ በሯን አንኳኩቶ ዙዙ አንቺ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ቁጭ ብላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያየችው ከዚያ ወዲህ ነው።